የእትዬ አፍንጫ ክዳን

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት እናቷና የፋብሪካው ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነበሩ። እናቷ አረፉ፤ ከፋዩም ጡረታ ወጣ። ለቀረው ዓለም እሷ እትዬ አፍንጫ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰው ያወጣው ለማሾፍ ነበር፤ አፍንጫዋ ግን ለማሾፍ እንኳ የሚበቃ አልነበረም፤ ትንሽ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ፊቷ ላይ ኋላ ታስቦበት የተጨመረ የሚመስል ነው። ሥራዋን ያየ ሰው ግን ማሾፉን ይተውና "እትዬ"ን ይጨምርበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቅጽል ስሙ ማዕረግ ሆኖ ቀረ።

የምትሠራው በወተት ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ከመኪና ማራገፊያው መድረክ ላይ ነበር። ማለዳ ላይ የጭነት መኪኖቹ ወደ ኋላ እየገቡ መድረኩ ላይ ይለጠፋሉ፤ ትልልቅ የአሉሚኒየም ጣሳዎች እየተንኳኩ ይወርዳሉ። የሲሚንቶው ወለል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከማጠቢያው ክፍል እንፋሎት ይወጣል፤ የላስቲክ ቦቲ ያጠለቁ ሴቶች የውሃ ጎማ እየጎተቱ ይጯጯሃሉ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል እትዬ አፍንጫ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ትቆማለች። ክዳን ይከፈታል፤ ጎንበስ ትላለች፤ አንዴ ትስባለች፤ ቀና ትላለች። "ደህና" ካለች ጣሳዋ ትገባለች። "ዘመም ብላለች" ካለች ወተቷ ገና አልተበላሸችም፤ ግን ልቧ ወደዚያው አዘንብሏልና ቶሎ ተለይታ ለአይብ ትሂድ ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጎንበስም አትል፤ ገና ከሩቁ እጇን እያወዛወዘች "ይቺስ ሄዳለች!" ትላለች። የሄደችው ጣሳ ወደ ፍሳሽ፣ ያመጣት ሰው ፊቱን አጥቁሮ ወደ ቤቱ።

ሥራው የራሱ ሕግ ነበረው። ማታ ሽንኩርት አትበላም። ሽቶ አትነካም። ልብሷን የምታጥበው ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። አፍንጫዋ ሲደክማት የክንዷን እጥፋት ታሸታለች፤ "ከራሴ ልነሳ" ትላለች፤ የዓለምን ሽታ ሁሉ የምትለካው ከዚያ ተነስታ ነው። እሷ ጎንበስ ባለች ጊዜ ማውራት ክልክል ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አጠገቧ ቆመው ስልክ ሲያወሩ "ጌታዬ፣ ወይ እርስዎ ያሽትቱ፣ ወይ እኔ ላሽትት" ብላቸው፣ ስልኩን በእጃቸው አፍነው በጫማቸው ጫፍ ወጥተዋል።

ይህን ሕግ የምትደፍር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጣሳ አጣቢዋ ሳቂታ። ሁለቱ ፋብሪካው በገቡበት ዘመን እኩዮች ናቸው፤ የጀመሩትም አንድ ገንዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ጣሳ በማጠብ ነው። እትዬ ወደ መድረኩ ስትወጣ ሳቂታ ገንዳው ላይ ቀረች። ቂም አልያዘችም፤ አፏን ግን አልያዘችም። "አንቺ፣ እኔም እኮ አፍንጫ አለኝ፤ እስቲ አንድ ቀን ልሞክር" ትላለች ጎማዋን እንደያዘች። እትዬም "አፍንጫ በወረፋ አይደለም" ብላ ትመልሳታለች። መልሱ ሁሌ አንድ ነበር። ሳቂታም ሁሌ ትስቃለች።

እትዬ ባሏንም ያገኘችው በአፍንጫዋ ነው። አንድ ሹፌር ያመጣውን ጣሳ "ናፍጣ ናፍጣ ይላል" ብላ መለሰችበት። ሹፌሩ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ "እመቤቴ፣ ናፍጣ የምሸተው እኔ ነኝ እንጂ ወተቱ አይደለም!" አላት። "ቀረብ በል" አለችው። ቀረበ። በሰው ሁሉ ፊት አንገቱ ሥር ጎንበስ ብላ አንዴ ሳበች። "ልክ ነህ። ጣሳዋ ትግባ፤ አንተ ታጠብ።" ግቢው በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ ሹፌሩ ታጥቦ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጣ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ናፍጣው ግን ከላዩ ጨርሶ ለቆ አያውቅም፤ እሷም እንዲለቅ አልፈለገችም። ማታ በሩ ሳይከፈት መምጣቱን ታውቅ ነበር። ልቡ ድንገት ከድቶት ከሞተ በኋላ፣ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ብቻዋን ስትቀር፣ ለብዙ ጊዜ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ቆም እያለች አየር ትስብ ነበር።

አንዲት ኢንጂነር ወደ ፋብሪካው የመጣችው የእትዬ ልጅ ገና ተማሪ ሳለች ነው። ቀጭን፣ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ያነገተች ወጣት ናት። ከዚያ ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ያወጣችው ነገር ግን ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ከጣሳ ክዳን ሥር ለጥፋ አሳየቻቸው።

"ሴንሰር ነው፤ እንደ አፍንጫ ነው የሚሠራው" አለች።

ሁሉም ወደ እትዬ አየ። ቀድማ የተናገረችው ሳቂታ ናት፤ "ወይ ጉድ! አንዱን አፍንጫ መቻል አቅቶን ሁለተኛ መጣብን?"

ኢንጂነሯ ሳትኮራ አስረዳች። ወተት ሲያረጅ የማይታይ ትንፋሽ ይወጣዋል። ፍሬዋ ላይ የተቀባው ስስ ነገር ያ ትንፋሽ ሲነካው ይለወጣል፤ ፍሬዋም ለውጡን ትለካለች። ባትሪዋ የሸሚዝ ቁልፍ ብታክል ነው፤ ቢሆንም ዓመታት ትቆያለች፤ ምክንያቱም ፍሬዋ አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ነው የምትውለው። አልፎ አልፎ ነቃ ትልና አንዴ አሽትታ መልሳ ትተኛለች።

"እንደ ዘበኛችን ናታ!" አለች ሳቂታ። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ ለሳምንት አኮረፋት።

"ችግሩ" አለች ኢንጂነሯ ወደ እትዬ ዞራ፣ "መለወጧን እንጂ ለውጡ ምን ማለት እንደሆነ አታውቅም። የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እርስዎ ይንገሯት፣ እትዬ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። በገዛ እጇ ምትኳን እንድታሳድግ ነው እኮ የተጠየቀችው። እሷ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። ያ ወቅት በሕይወቷ ካሳለፈችው ሁሉ ጣፋጩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እሷ ታሸታለች፣ ትናገራለች፤ ኢንጂነሯ ኮምፒውተሯ ላይ ትመታለች። ኢንጂነሯ መጀመሪያ ከአንድ እስከ አሥር ውጤት ይስጡ ብላት ነበር። "ወተት ፈተና አይፈተንም" አለች እትዬ፤ የምታውቀው ሦስት ቃል ነው፤ ደህና፣ ዘመም፣ ሄዷል። ኢንጂነሯም ሦስቱን ቃላት እንዳሉ ወሰደቻቸው። አረንጓዴ መብራት ደህና፣ ቢጫ ዘመም፣ ቀይ ሄዷል። ምሳቸውን እዚያው አብረው ይበላሉ፤ ያለ ሽንኩርት። ኢንጂነሯ ስለ እጮኛዋ ታወራለች፤ እትዬም "እስቲ አንድ ቀን አምጪውና ላሽትትልሽ" ትላታለች።

ፍሬዋ ተማረች። ከፋብሪካ ጣሳ ወጥታ ወደ ሰው ማጀት ገባች፤ የወተት ጆግ ክዳን ላይ፣ የልጆች ምሳ ዕቃ ላይ፣ የፍሪጅ መደርደሪያ ላይ። ሰዉ ቃሉን ከወተት አልፎ ለኑሮው ወሰደው። ትዳሩ ያልተመቸውን "እነሱስ ዘመም ብለዋል" ማለት የከተማው ወግ ሆነ። እትዬ አውቶብስ ውስጥ ሁለት ሴቶች እንዲህ ብለው ሲያሙ ሰማችና እስከ ቤቷ በር ድረስ ብቻዋን ፈገግ እያለች ሄደች። ጡረታ ስትወጣም ከፋብሪካው የተሰጣት ስጦታ ያው ነው፤ ክዳኑ ላይ ፍሬዋ ያለችበት የወተት ጆግ።

ከዚያ ያ ክፉ ጉንፋን መጣ። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሳሉም ለቀቃት፤ ሽታ ግን ሄዶ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ቤቱ የጸዳ መስሏት ነበር። ሳሙና አነሳች፤ ምንም። ሽንኩርት ሰነጠቀች፤ ዓይኗ አነባ እንጂ አፍንጫዋ ምንም አላለም። በመጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ የክንዷን እጥፋት አሸተተች። ራሷም የለችም።

ሐኪሙ "ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አላት። ይህን ለመስማት ያን ያህል መሰለፍ አያስፈልግም ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ሰው ጥርሱ ቢወልቅ ይናገራል፤ ዓይኑ ቢደክም መነጽር አድርጎ ይወጣል። የእሷ ግን ስሟ ነው የጠፋው። አፍንጫ የሌላት እትዬ አፍንጫ! ሳቂታ ብትሰማ ለምን ያህል ጊዜ እንደምትስቅ እያሰበች ብቻዋን ትበሳጫለች።

ከሁሉ የከፋው ልጇ ስትወልድ ነው። ልጅቷ ከነሕፃኗ እናቷ ቤት ገብታ ተኛች። "እማዬ፣ እስቲ አናቷን አሽቺያት፤ አንቺ ሳታሸቺያት ልጅ ተወልዷል አልልም" አለች እየሳቀች። እትዬ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳበች። ነጭ፣ ባዶ አየር። "ውይ የኔ ማር" አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቤቱ ሁሉ የደስታ ለቅሶ መሰለው። እሷም አላረመችም።

እንዲህ እንዳለች ነው ኢንጂነሯ የደወለችው። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ሥሯ ሠራተኞች አሏት፤ ድምጿ ግን ያው ነው። አዲስ ክዳን እየሠሩ ነው፤ የጡጦ ክዳን። ለሕፃናት ነውና ከድሮው ይልቅ ጥንቁቅ፣ ትንሿን ዝንባሌ የምትለይ ፍሬ ያስፈልጋል። "ሌላ ሰው አልፈልግም እትዬ። የእርስዎን አፍንጫ ነው የምፈልገው።"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረባት። አፏ ግን "መቼ ልምጣ?" አለ። ምን ታድርግ፤ ግቢው ናፍቋት ነበር። እርጥቡ ወለል፣ የጣሳው ኳኳታ፣ ጎንበስ ስትል ዙሪያዋን የሚውጠው ዝምታ ሁሉ ናፍቋታል።

ስትደርስ ከናፈቃት ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ጣሳ የሚባል ነገር የለም፤ ወተቱ በቦቴ መጥቶ በቱቦ ይገባል። መድረኩ ፈርሶ በቦታው መስታወት የተገጠመለት ክፍል ተሠርቷል። ከድሮ ሰው ያገኘችው ሳቂታን ብቻ ነው፤ ጡረታዋ ጥቂት የቀራት፣ ላብራቶሪ ውስጥ ብርጭቆ የምታጥብ፣ ናሙና በኩባያ እያደረገች የምታቀብል። ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። "አረጀሽ" አለች ሳቂታ። "አንቺ ነሻ" አለች እትዬ።

የመጀመሪያዋ ኩባያ ቀረበች። ኢንጂነሯ ጸጥ አለች፤ ሳቂታም ለአንድ ጊዜ ጸጥ አለች። እትዬ ጎንበስ ብላ ሳበች። ውሃ ቢያቀርቡላት ልዩነቱን አታውቅም። "መንገዱ አድክሞኛል፤ ነገ እንጀምር" ብላ ወጣች።

በማግስቱ ትልቅ ፎጣ ይዛ መጣች። በጋውኗ ኪስ ውስጥ ደግሞ ጠዋት ከማጀቷ የወተት ጆግ ላይ አንስታ ማታ የምትመልሰው ክዳን አለ። ኩባያዋ ስትቀርብላት ጉንፋን ይዞት እንደሚታጠን ሰው ራሷንም ኩባያዋንም በፎጣው ሸፈነች፤ ከፎጣው ሥር ክዳኑን አውጥታ ኩባያዋ ላይ ደፋች፤ ፍሬዋ እስክትነቃ ጠበቀች፤ መብራቱን አየች፤ ክዳኑን ወደ ኪሷ መለሰች። ከፎጣው ወጥታ "ደህና" አለች።

"ምነው፣ ወተቷን ልታሸቺ ነው ወይስ ልትታጠኚባት?" አለች ሳቂታ።

"ለሕፃን ነው፤ አይቸኮልም" አለቻት። ኢንጂነሯ ይህን ስትሰማ ልቧ ተነካ። እትዬ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰውን አሁን ይህን ያህል የምትቆይበት ለጥንቃቄ እንደሆነ አምና፣ ፎጣውን የነካ ወዮለት ብላ ሠራተኞቿን አስጠነቀቀች። ላብራቶሪው ፎጣው በወረደ ቁጥር እንደ ጸሎት ቤት ዝም ይል ጀመር።

እትዬ ለራሷ ያዘጋጀችው ምክንያት ነበራት። ክዳኗን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እሷን ጠየቅኩ ማለት ራሴን ጠየቅኩ ማለት ነው፤ ማንን አታለልኩ? ነገሩ ሰሚን ያሳምናል። ከፎጣው ሥር፣ ከወተቱ ጋር ብቻዋን ስትቀር ግን እሷን ራሷን አያሳምናትም። ሰው እንዳያያት ተሸፍና ያለፈ አፍንጫዋን ምክር የምትጠይቅ አሮጊት ነበረች፤ አፈረች፤ ማፈሯንም እያወቀች የሚቀጥለውን ኩባያ ተቀበለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኢንጂነሯ ትንሽ ነጭ የጡጦ ክዳን አስጨበጠቻት። "ገና ለሙከራ ናት፤ እስካሁን ያስተማሯትን ይዛለች። የመጀመሪያዋ ለእርስዎ የልጅ ልጅ ትሁን።"

ልጇ ስታያት ፈነጠዘች። እስከዚያ ቀን ድረስ ሕፃኗን ከማጥባቷ በፊት ከጡጦው ጠብታ አንጓዋ ላይ ታደርግ፣ ታሸትት፣ ትቀምስ ነበር፤ ይህንን ያስተማረቻት እናቷ ናት። አሁን ጡጦውን ሞልታ፣ ክዳኗን አየች፤ አረንጓዴ። ሳታሸትት፣ ሳትቀምስ ሕፃኗን አቀፈች።

"አሽትተሽዋል?" አለች እትዬ።

"ምን አሸትታለሁ፣ አፍንጫሽ እዚህ ውስጥ እያለ! ይልቅ እማዬ፣ ያቺ የጆግሽ ክዳን እኮ ደክማለች። ቅድም ስከፍተው ወተቱ ቤቱን በመጥፎ ሽታ ሞላው፤ እሷ ምን በወጣት፣ አረንጓዴዋን አብርታ ቁጭ ብላለች።"

እትዬ ብድግ አለች። ሳምንቱን ሙሉ የጠየቀችው ያችን ክዳን ነው። የሕፃናቱን ክዳን ያስተማራት የደነዘዘ አስተማሪ ነው። የጡጦው ጫፍ የሕፃኗ ከንፈር ሲደርስ "ስጪኝ!" ብላ ነጠቀቻት። ሕፃኗ በጩኸት ተንሰቀሰቀች።

"እማዬ! ምን ሆነሻል?"

"አሽቺው። አንቺ አሽቺው።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት አሸተተች። "ደህና ነው እኮ። አሁን ነው የቀዳሁት። ራስሽ አታሸቺውም?"

"አላሸትም" አለች እትዬ። መጀመሪያ ዝግ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ መቆም አቃታት። "ምንም አላሸትም ልጄ። ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ምንም። ወተቱንም፣ ቤቱንም፣ ራሴንም። ያቺን የደከመች ክዳን ፎጣ ሥር ደብቄ ነው የማየው።"

ልጅቷ ጡጦውን መልሳ ለሕፃኗ ሰጥታ አባበለቻት። ቀስ ብላም "ያን ቀን… አናቷን አሽቺያት ስልሽ ያለቀስሽው?" አለች።

"አዎ።"

ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን ከእናቷ ትከሻ አስጠጋች። አልገሠጸቻትም፤ አላጽናናቻትም። ሕፃኗ ሳይታወቃቸው ጡጦዋን ጨርሳ ተኛች።

ጠዋት እትዬ ያለ ፎጣ ሄደች። ኢንጂነሯ ኮምፒውተሯ ፊት ነበረች፤ ሳቂታ ኩባያዎቿን ትደረድራለች። እትዬ አሮጌውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆማ ተናገረች። እንድትቀመጥ ቢለምኗትም አልተቀመጠችም። ጉንፋኑን፣ ፎጣውን፣ ክዳኑን፣ ትናንት ማታ የሆነውን፣ ሁሉንም።

ኢንጂነሯ ክዳኑን አገላብጣ አየች፤ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ መረመረችው። "ደንዝዟል" አለች። "ሁሉም እያደር ይደነዝዛል፤ ላዩ ላይ የተቀባው ያረጃል። የሳምንቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል።" ድምጿ ቀዘቀዘ። "እትዬ፣ ይሄ የሕፃናት ነው እኮ። እንዴት ዝም ይሉኛል? ቢነግሩኝ ኖሮ ምን አደርግዎ ነበር?"

"ወደ ቤቷ ትሂድ ትዪኝ ነበር" አለች እትዬ። "እኔ ደግሞ መሄድ አልፈለግኩም።"

ኢንጂነሯ ወዲያው ይቅር አላለችም፤ ልክም ናት። ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ሳቂታ፣ ያቺ እትዬ ስትፈራት የኖረች ሳቂታ፣ አልሳቀችም። በእጇ የያዘችውን፣ ታጥቦ የነበረውን ኩባያ እንደገና ታብሳለች።

"እሺ" አለች ኢንጂነሯ በመጨረሻ፣ ሳትዞር። "ከእንግዲህ የሚያሸት ሰው ከየት ላምጣ?"

መልሱን እትዬ ታውቀዋለች። ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጣሳ ገና ሲከፈት፣ እሷ ጎንበስ ሳትል፣ ከገንዳው በኩል በትንፋሽ "ይቺስ ሄዳለች" የሚል ድምፅ ትሰማ ነበር፤ ድምፁም አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ኖራለች። አሁን ይህን ማለት ጥርስ ከመንቀል ባሰባት።

"እሷ" አለች በአገጯ እያመለከተች። "ሳቂታ ታሸትት።"

"እኔ?" ሳቂታ ኩባያውን ልትጥለው ነበር። "እኔ እኮ ጣሳ አጣቢ ነኝ።"

"እኔም ጣሳ አጣቢ ነበርኩ" አለች እትዬ። "ነይ ተቀመጪ።"

ኢንጂነሯ አላመነችም፤ በቃል ብቻ የምታምን ሰው አይደለችም። የታወቁ ናሙናዎች አምጥታ፣ ምልክታቸውን ደብቃ ሳቂታን ፈተነቻት። ሳቂታ አንዱን ሳተች፤ የቀረውን አገኘች። ኢንጂነሯ ፊቷ ሳይፈታ "እንሞክር" አለች። "ግን ሳቢያው እንዲገባኝ የሸተታትን በቃል ትንገረኝ። እሱን እርስዎ ያስተምሯት።"

ሥራው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሳቂታ እትዬ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እትዬ ከጎኗ። ከቦቴው የተቀዳ ኩባያ መጣ። ሳቂታ ጎንበስ ብላ ሳበች።

"ምን ምን ይላል?" አለች እትዬ።

"ወተት ወተት ነዋ! ምን እንዲል ፈለግሽ?"

ኢንጂነሯ ሳታስበው ፈገግ አለች። እትዬ ግን የሳቂታን አንጓ ያዘች። "እንደሱ አይደለም። ቀስ በይ። ሣር አለበት?"

ሳቂታ እንደገና ሳበች። "አለ።"

"ድርቆሽ ነው፣ እርጥብ?"

"እርጥብ። እንደ… እንደ ታጨደ ዕለት።"

"ከሥሩስ? ከሣሩ ሥር ምን አለ?"

"ቆይ።" ሳቂታ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሁሌ የሚስቅ ፊቷ ጸጥ አለ፤ እትዬ እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። "ጣፋጭ ነገር። ሞቅ ያለ። የላሟ ጎን። ትንሽ አፈር ደግሞ፣ ዝናብ የነካው።"

እትዬም ዓይኗን ጨፈነች። በአፍንጫዋ የገባ ነገር የለም። ግን ወተቷ መጣችላት፤ ከሳቂታ አፍ፣ በየቃሉ፣ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ ሣሩ፣ ቀጥሎ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ እርጥቡ አፈር፣ ሁሉም በየቦታው ተቀመጠ። ከጉንፋኑ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አግኝታ አታውቅም። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። ይህችን ሴት ስንት ዘመን ዝም አሰኝቻታለሁ አለች በልቧ፤ በጣም ቆጫት።

"ታዲያ?" አለች ኢንጂነሯ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ፣ እንደ ልማዷ ወደ እትዬ እያየች።

እትዬ ፍርዱን ታውቀዋለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዋጠችውና ፊቷን ወደ ሳቂታ አዙራ፣ እስክትናገር ትጠብቅ ጀመር።